አንድ የዜና ፎቶ በደልን የሚያጋልጠው እንዴት ነው?

በእንቁጣጣሽ ማታ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አንድ ፊልም አሳየ። ፊልሙ ሁለት ዓይነት ምስል ያፈራርቃል። አንዱ የወሎ ረሃብ ነው፤ አጥንታቸው የገጠጠ ሕፃናት፣ ልጆቻቸውን ታቅፈው የተቀመጡ እናቶች። ሌላው ቤተ መንግሥት ነው፤ ድግስ፣ ጃንሆይ ውሾቻቸውን ሲመግቡ። በማግስቱ ጠዋት ጃንሆይ ከዙፋናቸው ወርደው በቮልስዋገን ተወሰዱ።

ታሪኩ የታወቀ ነው። ብዙም የማይነገረው የረሃቡ ምስል ከየት እንደመጣ ነው። ቀረጻው ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ያዘጋጀው ነው፤ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የታየውም አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀር፣ በኦክቶበር 1973 ነበር። ድግሱና ውሾቹ እዚያ ውስጥ የሉም። እነሱን የጨመረው ደርግ ነው። ሁለቱም ምስሎች እውነተኛ ናቸው፣ ማንም አልፈበረካቸውም። ጎን ለጎን ሲቀጠሉ ግን ለየብቻቸው የማይሉትን ነገር ይላሉ፤ "ይሄ የሚራበው ያ ስለሚበላ ነው" ይላሉ።

ፎቶም ሆነ ፊልም፣ የዜና ምስል በሰው ላይ የሚሠራው ሥራ በአብዛኛው እንዲህ ነው። (ዓመት ስጠቅስ "ዓ.ም." ያልኩበት በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ሌላው በፈረንጅ።)

ስቃይን ማሳየትና በደልን ማሳየት አንድ አይደለም እንዴ?

አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

ስቃይ ካሜራ ፊት ይቆማል። የራበው ሕፃን፣ የተቃጠለ ቤት፣ የምታለቅስ እናት። ፎቶ አንሺው እዚያ ከደረሰ ያነሳዋል። በደል ግን ከስቃዩ ጀርባ ያለ ነገር ነው፤ እህሉን ማን ወሰደው፣ መንገዱን ማን ዘጋው፣ ወሬው እንዳይወጣ ማን አዘዘ የሚለው ነው። ይሄ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቢሮ ውስጥ በወረቀት ላይ ነው የሚኖረው። ትእዛዝ ፎቶ አይነሳም። የተቆረጠ በጀትም አይነሳም።

ስለዚህ ፎቶ በደልን የሚያጋልጠው ብቻውን ሆኖ አይደለም። አጠገቡ ቃል ይፈልጋል፣ ምስክር ይፈልጋል፣ ተቀብሎ የሚከራከርበት ሰው ይፈልጋል። እነዚህ ከሌሉ ፎቶው ያሳዝናል፣ በቃ። አዝነን ወደ ሥራችን እንመለሳለን።

ፎቶው ከቦታው እስከ እኛ ስልክ እንዴት ይደርሳል?

መጀመሪያ ፎቶ ጋዜጠኛው እዚያ መድረስ አለበት። ቀላል ይመስላል፣ ግን ትልቁ ፍልሚያ እዚህ ነው። ረሃብ ወይም ግድያ እንዲደበቅ የፈለገ አካል ፎቶውን አይከለክልም፤ መንገዱን ነው የሚከለክለው። በ1977 ዓ.ም. መባቻ ደርግ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በድምቀት ሲያከብር፣ ጋዜጠኞች ረሃብ ወደገባበት ሰሜን እንዲሄዱ አይፈቀድም ነበር። በዓሉ አልፎ ፈቃድ ሲገኝ ነው ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚንና የቢቢሲው ማይክል ቡርክ ኮረም የደረሱት።

ከዚያ ምርጫ አለ። አንድ ባለሙያ በአንድ ቀን በመቶ የሚቆጠር ፎቶ ሊያነሳ ይችላል። ጥቂቶቹን ለዜና ወኪሉ ይልካል። የዜና ወኪል ማለት እንደ ሮይተርስ፣ አሶሺየትድ ፕሬስ ወይም ኤኤፍፒ ያለ፣ ዜናና ፎቶ ለሌሎች ሚዲያዎች የሚሸጥ ድርጅት ነው። እዚያ ያለው ኤዲተር ደግሞ ይመርጣል። ጋዜጣው ከተመረጠው ላይ አንዷን ይመርጣል። እኛ ጋ የምትደርሰው ያቺ አንዷ ናት።

እሷም ብትሆን ዳር ዳሯ የተቆረጠ ነው። ፎቶን ማየት በበር ቀዳዳ አጮልቆ እንደማየት ነው፤ የሚታየው ነገር እውነት ነው፣ ከቀዳዳው ግራና ቀኝ ስላለው ግን ምንም አታውቁም።

ካፕሽን ምን ያህል ለውጥ ያመጣል?

ካፕሽን የምንለው ከፎቶው ሥር የሚጻፈው አጭር መግለጫ ነው። ማን፣ የት፣ መቼ፣ ምን ሲሆን። ብዙዎቻችን ዘለነው ነው የምናልፈው። የፎቶው ጥርስ ያለው ግን እሱ ላይ ነው።

ሉዊስ ሃይንን ልንገራችሁ። አሜሪካዊ ነው፣ አስተማሪ ነበር። ከ1908 ጀምሮ የሕፃናትን የጉልበት ሥራ ለማስቀረት የሚታገል ኮሚቴ ቀጠረውና ፋብሪካ ለፋብሪካ፣ ማዕድን ለማዕድን መዞር ጀመረ። ባለፋብሪካዎቹ እንደማያስገቡት ያውቃል። ስለዚህ አንድ ቀን መጽሐፍ ቅዱስ ሻጭ ይሆናል፣ ሌላ ቀን የፖስት ካርድ ነጋዴ፣ ሌላ ቀን የእሳት አደጋ ተቆጣጣሪ። ውስጥ ከገባ በኋላ የሚያደርገው ነገር ነው የሚገርመው። የሰደርያው ቁልፎች እያንዳንዳቸው ከመሬት ምን ያህል ከፍታ ላይ እንዳሉ አስቀድሞ ለክቶ ይዟል። ልጁ አጠገቡ ሲቆም ጭንቅላቱ ስንተኛው ቁልፍ ላይ እንደደረሰ በዓይኑ ያያል፤ ቁመቱን አወቀ ማለት ነው። ከዚያ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ፣ ማንም ሳያየው፣ እዚያው ኪሱ ውስጥ ባለች ወረቀት ላይ ይጽፋል። ዕድሜ፣ ቁመት፣ የሥራው ዓይነት፣ ሥራ ከጀመረ ስንት ጊዜው።

ለምን ይሄን ሁሉ ለፋ? ምክንያቱም ባለፋብሪካው ምን እንደሚል ያውቃል። "ይሄ ልጅ ትንሽ ይመስላል እንጂ 14 ዓመቱ ነው" ይላል። ወይም "አይሠራም፣ ለእናቱ ምሳ ሊያደርስ መጥቶ ነው" ይላል። ማሽን አጠገብ የቆመች ትንሽ ልጅ ፎቶ ያሳዝናል። ፎቶውና ቁመቷ፣ የገባችበት ቀን፣ የፋብሪካው ስም አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ክስ ነው።

ክሱም ቢሆን ቶሎ አልሠራም። በ1916 የወጣውን ሕግ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1918 ሻረው። የሕፃናትን ሥራ በአገር ደረጃ የሚገድበው ሕግ የጸናው በ1938 ነው፤ ሃይን ሥራውን ከጀመረ ከ30 ዓመት በኋላ። እሱ ራሱ በ1940 ደህይቶ ሞተ። "ፎቶው ሕጉን ቀየረው" የሚል ነገር ስትሰሙ ይቺን 30 ዓመት አስታውሷት።

ፎቶ ንጉሥን ያስጨንቃል?

የቤልጂየሙን ንጉሥ ሊዮፖልድ ሁለተኛን አስጨንቋል። ከ1885 እስከ 1908 ኮንጎ የቤልጂየም ቅኝ ግዛት አልነበረችም፤ የሰውየው የግል ንብረት ነበረች። አንድም ቀን ረግጧት አያውቅም። ሕዝቡ በግዳጅ ጎማ እንዲለቅም ይታዘዛል፤ ኮታውን ያላሟላ መንደር ይገረፋል፣ ይቃጠላል፣ ይገደላል። ወታደሮቹ ጥይት በከንቱ እንዳላባከኑ ለማስረዳት የገደሉትን ሰው እጅ ቆርጠው ለአለቆቻቸው ያቀርባሉ። ወሬው ወደ አውሮፓ ይደርስ ነበር፤ ሊዮፖልድ ደግሞ የሚያስተባብሉለት ጋዜጦችን በገንዘብ ይይዛል። ወሬ በወሬ ይመታል።

በሜይ 1904 ንሳላ የሚባል አባት በባሪንጋ ወደሚገኘው የሚሲዮን ጣቢያ መጣ። በቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ሲፈታው የ5 ዓመት ልጁ እጅና እግር ነበር። የጎማ ኩባንያው ዘበኞች የገደሏት ልጅ ናት። እዚያ የነበረችው እንግሊዛዊት ሚሲዮናዊት አሊስ ሲሊ ሃሪስ በረንዳው ላይ አስቀምጣ ፎቶ አነሳችው። ፎቶው ውስጥ ደም የለም፣ ጩኸት የለም። አንድ ሰው በረንዳ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ፊቱ የተቀመጡትን ሁለት ትንንሽ ነገሮች ያያል። ምን እንደሆኑ ለመለየት ጥቂት ሰከንድ ይፈጃል። እኔ እስካሁን ካየኋቸው ፎቶዎች ሁሉ ከባዱ ይሄ ነው፣ ከባድ ያደረገውም ያ ዝምታው ይመስለኛል።

ፎቶው ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ቢቀር ኖሮ ምንም ባልሆነ። አሊስና ባሏ ይዘውት ወደ እንግሊዝና አሜሪካ ሄዱ። በመቶ በሚቆጠሩ አዳራሾችና ቤተ ክርስቲያኖች፣ በፋኖስ ብርሃን ምስል ግድግዳ ላይ በሚጥል መሣሪያ፣ ፎቶዎቹን እያሳዩ ምን እንደሆነ አስረዱ። አጠገባቸው የተደራጀ እንቅስቃሴ ነበር፣ የእንግሊዝ ቆንስል ሮጀር ኬዝመንት ያቀረበው ሪፖርትም ነበር። በ1908 ሊዮፖልድ ኮንጎን ለቤልጂየም መንግሥት አስረከበ። ካሳ ተከፍሎት ነው ያስረከበው፣ አልተከሰሰም። ማስተባበያ ግን አልሠራለትም። ወሬን "ሐሰት ነው" ማለት ይቻላል፤ የንሳላን ፎቶ ያየን ሰው እንዲህ ብሎ ማሳመን ከባድ ነው።

ይታይ ወይስ አይታይ የሚለውን ማን ይወስን?

በ1955 በአሜሪካ ሚሲሲፒ፣ ከቺካጎ ዘመድ ጥየቃ የሄደ ኤሜት ቲል የሚባል የ14 ዓመት ጥቁር ልጅ በነጮች ተደብድቦ ተገደለ። ፊቱ አይለይም ነበር። እናቱ ማሚ ቲል አስከሬኑ በክፍት ሣጥን እንዲታይ ወሰነች። ዓለም ይየው አለች። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተሰልፎ አየው። ጄት የተባለው የጥቁሮች መጽሔት ፎቶውን አተመው፤ የነጮቹ ትልልቅ ጋዜጦች ግን በአብዛኛው አላተሙትም።

ገዳዮቹስ? ሁሉም ነጮች የሆኑ የፍርድ ሸንጎ አባላት አንድ ሰዓት ያህል ተመካክረው ነጻ አወጧቸው። ጥቂት ወራት ቆይቶ ለአንድ መጽሔት መግደላቸውን ራሳቸው ተናገሩ፤ አንዴ ነጻ የተባለ ሰው ድጋሚ አይከሰስም። በችሎቱ ፎቶው ተሸነፈ። ከችሎቱ ውጭ ግን አንድ ትውልድ ጥቁር አሜሪካዊ ያንን ገጽ እያየ አደገ፣ የሲቪል መብት ትግሉ ውስጥ የገባውም ያው ትውልድ ነው። በልጁ ስም የተሰየመው፣ በመንጋ መግደልን የፌዴራል ወንጀል የሚያደርገው ሕግ የጸደቀው በ2022 ነው።

የማሚ ቲልን ውሳኔ ያነሳሁት ከእኛ ጋር ለማነጻጸር ነው። እሷ ወሰነች። የልጇን ስም ዓለም ያውቀዋል። በኮረም ፎቶ የተነሱትን እናቶች ማን ጠየቃቸው? ስማቸውንስ ማን ጻፈው? "ኢትዮጵያዊት እናት" ተብለው ቀሩ። ስም የሌለው ሰው ምልክት ይሆናል፣ ምልክት ደግሞ ማንኛውም ሰው ለፈለገው ነገር ይጠቀምበታል። በ80ዎቹ አሜሪካ ያደጉ ልጆቻችን ትምህርት ቤት የሚወረወርባቸው የረሃብ ቀልድ ከየት እንደመጣ ይገባችኋል።

ሰኔ 9ን የምናከብረው በአንድ ፎቶ ምክንያት ነው?

በከፊል አዎ። የአፍሪካ ሕፃናት ቀን በየዓመቱ ሰኔ 9 ይከበራል፣ እዚህም ሰልፍና ግጥም ይኖራል። ቀኑ በአፍሪካ አንድነት ድርጅት ውሳኔ ከ1991 ጀምሮ የሚከበር ሲሆን መነሻው ጁን 16 ቀን 1976 ደቡብ አፍሪካ ሶዌቶ ውስጥ የሆነው ነው። ተማሪዎች የነጭ ገዢዎቹ ቋንቋ በሆነው በአፍሪካንስ አንማርም ብለው ሲወጡ ፖሊስ ተኮሰባቸው። ሳም ንዚማ የተባለ ፎቶ ጋዜጠኛ፣ የተመታውን የ12 ዓመቱን ሄክተር ፒተርሰንን አንድ ወጣት ታቅፎት ሲሮጥ፣ እህቱ ጎን ለጎን እጇን ዘርግታ ስታለቅስ አነሳ። ፖሊሶች ሳይደርሱበት ፊልሙን ከካሜራው አውጥቶ ካልሲው ውስጥ ደበቀው።

ፎቶው በዓለም ጋዜጦች ዞረ። ንዚማ ከጆሃንስበርግ ሸሸ፣ ከጋዜጠኝነቱም ወጣ። ልጁን የታቀፈው ወጣት አገር ጥሎ ተሰደደ፣ ወደ ቤቱም አልተመለሰም። አንዲት ፎቶ ከጀርባዋ የምታስከፍለው ሒሳብ አለ፣ ከፋዮቹም ብዙ ጊዜ ፎቶው ውስጥ ያሉትና ያነሳው ሰው ናቸው።

አንድ ፊት ከሺህ ቁጥር ለምን ይበልጣል?

"10 ሺህ ሰው ሞተ" ሲባል አእምሯችን ቁጥሩን ይመዘግባል፣ ልባችን ግን የሚይዘው ነገር የለውም። አንድ ልጅ ስታዩ ግን ታናሽ ወንድማችሁ ይመጣባችኋል። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባል የለ።

በሴፕቴምበር 2015 የአንድ የ2 ዓመት ሶሪያዊ ሕፃን አስከሬን በቱርክ ቦድሩም የባሕር ዳርቻ ተገኘ። ቀይ ቲሸርት፣ ሰማያዊ ቁምጣ፣ ጫማው እግሩ ላይ ነው። ኒሉፈር ደሚር ያነሳችው ፎቶ በአንድ ቀን ዓለምን ዞረ። በሶሪያ እስከዚያ ቀን በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው አልቋል፣ ቁጥሩ በየቀኑ ይነገራል፣ የሚሰማ አልነበረም። ከፎቶው በኋላ በነበረው ሳምንት ለስዊድን ቀይ መስቀል የሶሪያ ስደተኞች መርጃ የሚገባው ገንዘብ ከ50 እጥፍ በላይ ጨመረ። 6 ሳምንት ገደማ ሲሆነው ወደነበረበት ሊመለስ ተቃረበ።

በሩ ተከፍቶ የሚቆየው ይህችኑ ታህል ነው። በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ የተዘጋጀ ሕግ፣ የተዘጋጀ ድርጅት፣ የተዘጋጀ ጥያቄ ካለ ይገባበታል። ከሌለ ይዘጋል። የሊዮፖልድ ተቃዋሚዎች ተዘጋጅተው ጠበቁ፣ ሃይንን የቀጠረው ኮሚቴም እንደዚያው።

ፎቶ እያጋለጠ ይደብቃል ማለት ይቻላል?

ይቻላል። ኮረም እንመለስ፣ የእኛ ስለሆነ።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቢቢሲ የታየው የመሐመድ አሚን ምስል በመቶ የሚቆጠሩ ጣቢያዎች ተቀባበሉት። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይቭ ኤይድ የሚባለው ታላቅ ኮንሰርት ተካሄደ፣ እህል በመርከብ መጣ፣ ብዙ ነፍስም ተረፈ። ይህን ማሳነስ አልፈልግም። በሞት አፋፍ ላይ ለነበረ ሰው ያ ምስል ዳቦ ሆኖለታል።

ግን ቡርክ በዘገባው ረሃቡን የመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን ረሃብ አስመስሎ ነው የገለጸው። ተመልካቹም ያንኑ አየ፦ ዝናብ እንቢ አለ፣ ምድር ደረቀች፣ ሰው ተራበ። እግዚአብሔር ያመጣው ነገር። ምስሉ ውስጥ ያልነበረው ጦርነቱ ነው። በሰሜን ለዓመታት የቆየው ውጊያ፣ የተደበደቡ ገበያዎች፣ የተዘጉ መንገዶች፣ እህል በአማፂ እጅ ባለ አካባቢ እንዳይደርስ መደረጉ። ከዚያም ሰፈራው፤ 600 ሺህ ገደማ ሰው፣ ብዙው በግድ፣ ወደ ደቡብና ምዕራብ ተጫነ፣ በመንገድና በሰፈራ ጣቢያ ብዙ ሰው አለቀ። ይህን የተቃወመው የፈረንሳይ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን በ1985 መጨረሻ ከአገር ተባረረ። ስቃዩን ዓለም አየው። በደሉን ያየው ጥቂት ሰው ነው።

ሌላም አለ። በ1993 ኬቨን ካርተር የተባለ ደቡብ አፍሪካዊ፣ ዛሬ ደቡብ ሱዳን በሆነችው አዮድ፣ መሬት ላይ የተደፋ ሕፃንና ከኋላው የቆመ ጥንብ አንሳ አነሳ። ኒውዮርክ ታይምስ አተመው። ያየ ሁሉ "ብቻውን የተጣለ ልጅ" ብሎ አነበበው። ልብ ብላችሁ ብታዩ ግን ልጁ እጅ ላይ የእርዳታ ጣቢያ የፕላስቲክ አምባር አለ። ምግብ ማደያው ቅርብ ነበር፣ ሰዎች እህል ሊቀበሉ ሄደዋል። "ፎቶ ከማንሳት ልጁን አያነሳም ነበር?" የሚለው ጥያቄ ካርተርን እንደጥላ ተከተለው፤ እሱ ወፉን እንዳባረረ ተናግሯል። በ1994 ፑሊትዘር የተባለውን የጋዜጠኝነት ሽልማት ተሸለመ፣ በዚያው ዓመት ጁላይ ራሱን አጠፋ። ለሞቱ ምክንያት ያቺን ፎቶ ብቻ ማድረግ ትክክል አይመስለኝም፤ የሰውየው ሕይወት ብዙ ሸክም ነበረበት። ከዚያ ሁሉ ክርክር ውስጥ የጠፋው ግን ልጁን ያስራበው የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ነው። ሰው ሁሉ ፎቶ አንሺው ላይ ፈረደ፣ ጦርነቱን የሚመሩትን የጠየቀ ጥቂት ነው።

በዳዩ ራሱ ያነሳው ፎቶስ?

ይሄኛው ለየት ይላል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ጣሊያኖች ለ3 ቀን በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ያደረሱትን እልቂት እናውቃለን። ከዚያ ዘመን ከቀሩት ፎቶዎች ብዙዎቹን ያነሷቸው ጣሊያኖቹ ናቸው፣ አንዳንዶቹ ከአስከሬንና ከተቆረጠ ራስ ጋር ቆመው። ማስታወሻ ብለው ነው ያነሱት። እንደ ማስረጃ አላሰቡትም። በ2004 ከኢራቁ አቡ ግሬብ እስር ቤት የወጡት ፎቶዎችም እንዲሁ ናቸው፤ የአሜሪካ ወታደሮች እስረኞችን እያዋረዱ፣ እየሳቁ፣ ራሳቸው ተነስተዋቸዋል።

በእንዲህ ያለ ፎቶ ውስጥ በዳዩ ከፍሬሙ ውጭ አይደለም። መሐል ላይ ቆሟል። ታዲያ የየካቲቱ ማስረጃ የት ደረሰ? ከጦርነቱ በኋላ ኢትዮጵያ ክሷን ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን አቅርባ ነበር። ግራዚያኒ በኢትዮጵያ ለሠራው አንድም ቀን ችሎት ፊት አልቀረበም። ጣሊያን ውስጥ የተፈረደበት ከናዚ ጀርመን ጋር በመተባበሩ ነው፣ እሱንም ብዙ ሳይታሰር ወጣ። በአቡ ግሬብ ጉዳይ ደግሞ ዝቅተኛ ማዕረግ ያላቸው ወታደሮች ታሰሩ። ፎቶው ምንም ያህል ግልጽ ቢሆን፣ የሚዳኝ ችሎት ከሌለ የሙዚየም ዕቃ ይሆናል።

ስልክ ከመጣ ወዲህ ምን ተቀየረ?

የተቀየረው ማን ያነሳል የሚለው ነው። በ2020 ክረምት፣ ከየመን የተባረሩና በሳዑዲ የተያዙ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች በጂዛንና በሌሎች ማቆያዎች ታጉረው ነበር። ጋዜጠኛ አይገባም። እስረኞቹ ደብቀው ባስገቡት ስልክ አነሱና ላኩ። ሰንደይ ቴሌግራፍ የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ በኦገስት አወጣው፤ ከወገብ በላይ ራቁታቸውን በሙቀት ተፋፍገው ወለል ላይ የተኙ ወንዶች፣ ፍርግርግ ያለው ትንሽ መስኮት። ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው የሰብዓዊ መብት ድርጅትም በዚያው ሰሞን ከታሳሪዎች ያሰባሰበውን ቃል አወጣ። ፎቶውና ቃሉ አብረው ስለወጡ "የድሮ ፎቶ ነው" ብሎ ማለፍ አስቸጋሪ ሆነ። ሌላ ዙር ሪፖርትና ጩኸት ተጨምሮበት፣ በመጋቢት 2014 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት 100 ሺህ ያህል ዜጎችን ከሳዑዲ ለመመለስ በረራ ጀመረ።

የስልኩ ሌላ ገጽታ ውሸቱ ነው። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ከሌላ አገር፣ ከሌላ ዓመት የመጣ ፎቶ "ዛሬ እዚህ" እየተባለ ሲዞር ሁላችንም አይተናል፣ በሁሉም ወገን። አሁን ደግሞ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈበረከ ምስል ተጨምሯል። ባለሙያዎቹም ቢሆኑ ከጥርጣሬ አላመለጡም፤ ዎርልድ ፕሬስ ፎቶ የተባለው ውድድር በ2015 ወደ መጨረሻው ዙር ከተቃረቡት ሥራዎች 20 በመቶውን ከተፈቀደው በላይ ተነካክተዋል ብሎ ጥሏል። አንድ የሐሰት ፎቶ ጉዳቱ ራሱ ላይ ብቻ አይቀርም። በዳዩ እውነተኛውንም "ያው እንደዚያኛው ነው" እንዲል ሰበብ ይሰጠዋል።

ግሩፕ ላይ አንድ ፎቶ ሲመጣስ?

ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ጉግል ሌንስ ላይ ጫኑት። ፎቶው ከዚህ በፊት የት እንደወጣ ያሳያችኋል፤ 5 ዓመት የቆየ ከሆነ ብዙ ጊዜ ወዲያው ይታወቃል። ምንም ካላገኘ እውነት ነው ማለት አይደለም፣ አዲስ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ካፕሽኑን እዩ። ቦታና ቀን የለውም? የላከው ሰው ከየት እንዳገኘው ጠይቁት። "ፎርዋርድ ተደርጎ ደረሰኝ" ካለ፣ ምንጭ የለም ማለት ነው።

እናንተው ያነሳችሁት ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይለያል። ዋናውን ፎቶ አትቁረጡት፣ ፊልተር አታድርጉበት፣ አታጥፉት። ፎቶ ሲነሳ ስልኩ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ከተፈቀደለትም ቦታውን፣ ከፋይሉ ጋር ይመዘግባል፤ ሜታዳታ ይባላል። በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ እንደ ተራ ፎቶ ስትልኩት ይህ መረጃ ይጠፋል። ለጠበቃ፣ ለሰብዓዊ መብት ተቋም ወይም ለጋዜጠኛ ስትልኩ "ፋይል" ወይም "ዶክመንት" የሚለውን መርጣችሁ ላኩት። ለሕዝብ የምትለጥፉት ሌላ ኮፒ ይሁን፤ እዚያ ላይ ሊጠቃ የሚችለውን ሰው ፊት፣ የቤቱን በር፣ የመኪናውን ታርጋ ሸፍኑ። በሕይወት ያለ ሰው ከሆነና ልታገኙት ከቻላችሁ፣ ጠይቁት።